ስኳር ያለባት ልጅ

ቦሳ ኪቶ በሚባለው የጅማ ሰፈራችን ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሰው ብዙ አልነበረም። «ስኳር ያለባት ልጅ» ከተባለ ግን ከትልቅ እስከ ትንሽ የማያውቀኝ የለም። ይህን ዝና ያተረፈችልኝ እናቴ ናት። ከሆስፒታል በወጣሁ ሳምንት ነጠላዋን አጣፍታ ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞረች፤ ልጄ ስኳር አለባት፣ ጣፋጭ የሚባል ነገር እንዳትሰጧት፣ ብታለቅስም ብትለምንም እንዳትሰሟት፣ እያለች ሁሉንም አስጠነቀቀች። ሰፈሩም ቃሏን ጠበቀ። የኢድ ለት ከጎረቤት ሐልዋ ሲላክልን ለእኔ ለብቻ የተቀቀለ እንቁላል አብሮ ይመጣል። ልደት ቤት ለስላሳ ሲከፈት አንዷ ሴትዮ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ ትቀመጣለች። መምህሬ ሳትቀር ክፍል ውስጥ አስነስታኝ፣ ለዚች ልጅ ከረሜላ የሰጠ ወዮለት ብላለች። እኔ ደግሞ ከተፈጠርኩ ጀምሮ ቁጡ ነኝና በየሄድኩበት እበግን ነበር።

በሽታው የያዘኝ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ውሃ ጠጥቼ አልረካ አልኩ፣ ፍራሼን ማርጠብ ጀመርኩ፣ ቀሚሴ ሁሉ ሰፋኝ። የጎረቤት ሴቶች ዓይን ነው አሉ፣ እናቴ ጠበል አስጠመቀችኝ፣ በመጨረሻ አባቴ አቅፎ ሆስፒታል ወሰደኝ። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከሸዋ ተዛውሮ ጅማ የመጣ፣ ብዙ የማይናገር ሰው። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ማቀዝቀዣ ስላልነበረን እናቴ መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ትቀብረውና አልጋ ሥር ታስቀምጠዋለች። የምትወጋኝም እሷው ናት። እጇ ቀላል ነው፤ እውነቱን ለመናገር ብዙም አያመኝም።

ስለዚህ ያዘንኩ ልጅ ነበርኩ ብዬ ላስለቅሳችሁ አልፈልግም። ደስተኛ ልጅ ነበርኩ። ሰኞ ማክሰኞ የሚያሸንፈኝ አልነበረም፣ ገመድ ዝላይ ላይ ደግሞ ወንዶቹን ሳይቀር አስለቅስ ነበር። ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ፤ እናቴ አቮካዶ እንደማይጎዳኝ ከሰማች በኋላ ሌላው የተከለከልኩትን ሁሉ በእሱ ልትክስልኝ ፈለገች መሰለኝ፣ ጠዋት አቮካዶ፣ ማታ አቮካዶ። እስከ ዛሬ ድረስ አቮካዶ ሲቀርብልኝ ፊቴን አዞራለሁ።

የጎደለኝ አንድ ነገር ነበር፤ ሊሙ ገነት። የእናቴ እህት እዚያ ትኖራለች። ባሏ ቡና አለው። የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ሲመጣ ታላቅ ወንድሜ ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ ይሄዳል፣ ከአክስቴ ልጆች ጋር የተሰጣ ጀንፈል ቡና ሲያገላብጥ፣ ወንዝ ሲዋኝ፣ አህያ ሲጋልብ ይከርምና ጠቁሮና ወፍሮ ይመለሳል። ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ከአክስቴ ልጆች ጋር ብቻ የሚያውቁት ቀልድ ይኖራቸዋል፤ ሲገናኙ አንዱ አንድ ቃል ይጥላል፣ ሁሉም መሬት ላይ ተንከባለው ይስቃሉ፣ እኔ እንደ እንግዳ እቀመጣለሁ። አንድ እረፍት፣ አንድ ብቻ፣ ያለ እናቴ ሊሙ ገነት ብሄድ ብዬ የማልሳለው ስለት አልነበረም። ስጠይቃት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ማን ሊወጋሽ? ራሴ እወጋለሁ ስላት ትስቃለች። ነርሷ በባዶ መርፌ ብርቱካን ላይ አስተምራኝ ነበር፣ ብርቱካኑን ጥሩ አድርጌ ወግቼዋለሁ፤ ግን እናቴ መርፌውን በእጄ አስነክታኝ አታውቅም።

ክትትል የምንሄደው በወር አንድ ጊዜ ነው። እናቶች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፣ እኛ ልጆቹ ከእግራቸው ሥር። ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከሊሙ ሁሉ የሚመጡ ልጆች ነበሩ። ሐኪሞቹ የሚያናግሩት እናቶችን ነው። እንዴት ከረመች ይላሉ፣ እናቴ ትመልሳለች፤ ምን ትበላለች ይላሉ፣ እናቴ ትመልሳለች። እኔ አፌን የምከፍተው ምላስሽን አውጪ ስባል ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን አዲስ ወጣት ሐኪም መጣ። ጸጉሩ ያልተበጠረ፣ ፈገግ ሲል ልጅ የሚመስል። የልጆቹ ሕይወት እንዴት እንደሆነ ከልጆቹ ከራሳቸው መስማት እፈልጋለሁ አለ። እናቶቹ ተያይተው ሳቁ። አንዷ፣ ልጅ ምን ያውቅና ነው፣ ስትል ሰማኋት።

ሐኪሙ ሰብስቦ ወደ ውጭ ወሰደን። ወደ ላይኛው ክፍል የሚያስወጣ የሲሚንቶ ደረጃ አለ፤ እሱ ሥር አቆመንና በአማርኛም በኦሮምኛም እየደጋገመ አስረዳን። የላይኛው ደረጃ ልታስቡት የምትችሉት ከሁሉ የተሻለ ሕይወት ነው፤ የታችኛው ደግሞ ከሁሉ የከፋው። እያንዳንዳችሁ አሁን የምትኖሩትን ሕይወት አስቡና ደረጃችሁ ላይ ቁሙ። እናቶቻችን ከበስተኋላችን ተሰልፈው ያያሉ።

ምን ልበላችሁ፣ ሁላችንም ተንጋግተን ላይኛው ደረጃ ላይ ወጣን። አንድም ልጅ በመሀል አልቀረም። ቦታው ስላልበቃን መገፋፋት ሆነ፤ አንድ የአጋሮ ልጅ እግሬን ረግጦኝ ቆመ፣ እኔም በክርኔ ጎሸምኩት። ሌላ ምን እናድርግ? እንዴት ነሽ ሲሉሽ፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በይ ተብለን ነው ያደግነው። የሙስሊሞቹ ልጆችም አልሐምዱሊላህ ብለው ነው። የወለዱሽ ሰዎች ዓይናቸውን ተክለው እያዩሽ ከላይኛው ደረጃ ዝቅ ብሎ መቆም፣ እንግዳ ፊት ቤቴ ውስጥ ምግብ የለም እንደማለት ነው። ሐኪሙ ደረጃው ሥር ቆሞ ጸጉሩን አከከ። እናቴ ግን ኮራች። እንዳየችኝ እየሳቀች እጇን አውለበለበችልኝ፣ እኔም መልሼ አውለበለብኩላት።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ ወር በኋላ ነው። የሰፈራችን ሱቅ የአንድ ሽማግሌ ነበር። ነጭ ቆብ የሚያደርጉ፣ ልጅ የሚወዱ፣ ከደጃፋቸው የማይጠፉ ሰው ናቸው። እናቴ ቤት ለቤት ስትዞር፣ ወላሂ ከእኔ ሱቅ ጣፋጭ አትቀምስም ብለው የማሉላት እሳቸው ነበሩ። እኔም ከዚያ በኋላ ለወንድሜ ነው እያልኩ ከረሜላ ልገዛ ሞክሬ ይዘውኛል፤ ስለዚህ የእኔን ነገር ያውቁታል።

ያን ቀን ጠዋት መርፌዬን ተወግቼ፣ ቁርሴን በቅጡ ሳልበላ እየሮጥኩ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ስመለስ ቤታችን ተቆልፏል። ለቅሶ ነበር፤ ከሰፈራችን ወዲያ ማዶ ሰው ሞቶ እናቴም ጎረቤቱም ድንኳን ሄደዋል። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ትንሽ ቆይቶ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፣ ያለ ምክንያት ሰው መምታት አማረኝ። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ስኳሬ ሲወርድ እንዲህ እንደሚያደርገኝና ያኔ ጣፋጭ ቶሎ መቅመስ እንዳለብኝ ነርሷ ነግራናለች። እናቴም ሰምታለች፤ ለዚሁ ብላ ከረሜላ በመሀረብ ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። ቦርሳዋ ግን እሷ ጋ ነው፤ እሷ ደግሞ ድንኳን ውስጥ።

እየተደናቀፍኩ ወደ ሱቁ ሄድኩና ከረሜላ ስጡኝ አልኳቸው። ሽማግሌው ሳቁ። እናትሽ ትገድለኛለች፣ ኢንተላ ኮ፣ አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እየተንቀጠቀጥኩ ነው፣ ስኳሬ ወርዷል አልኳቸው። ስኳር ላለበት ሰው ስኳር መድኃኒቱ ነው ቢባል ማን ያምናል? ዛሬስ አዲስ ተንኮል ይዘሽ መጣሽ አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ባንኮኒውን በእግሬ መታሁና፣ «አንተ፣ ስጠኝ ነው የምልህ!» አልኳቸው። ጨው ሊገዙ የቆሙት ሴቶች አፋቸውን ያዙ። አባቴን የሚበልጡ ሰው በአንተ ስጠራ እንኳን እነሱ እኔም ደነገጥኩ። ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ፣ የከረሜላውን ጣሳ አንስተው ከኋላቸው አስቀመጡ። ከዚያ መሬት ላይ ወደቅኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን ነው የማስታውሰው። አንዱ ውሃ ያፈስብኛል፣ አንዷ ጠበል አምጡ ትላለች፣ ሽማግሌው ከአጠገቤ ተንበርክከው ማል ታቴ፣ ማል ታቴ እያሉ ምን እንደሆንኩ ይጠይቁኛል። ቀጥሎ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። ሰው ሮጦ ጠርቷት ነው፤ አንድ እግሯ ጫማ አልነበረውም። ቦርሳዋን ልትከፍት እንኳ አልሞከረችም። እጇን የስኳር ጆንያው ውስጥ ነክራ ድዴን በጣቷ ታሸኝ ጀመር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሞት አፋፍ ላይ ሆኜ እንኳ ጣፈጠኝ።

ነፍሴ ስትመለስ ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። ማንም ሊቆጣቸው አልቻለም፤ የበደሉት ነገር የለማ፤ የማሉትን መሐላ ነው የጠበቁት። እናቴም፣ እርስዎ ምን አጠፉ፣ ጥፋቱ የኔ ነው እያለች አብራቸው አለቀሰች። እኔ አንተ ስላልኳቸው ማግስቱን ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ መርቀውኝ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ግን ከሳቸው መገላገል አልተቻለም። በሱቃቸው ደጅ ባለፍኩ ቁጥር አስቁመው ግንባሬ ላይ ላብ ይፈልጋሉ። ፀሐይ ቢያልበኝም፣ ገመድ ዘልዬ ቢያልበኝም፣ ከረሜላ ይዘው ያሳድዱኛል።

እናቴ ከዚህ ሁሉ ያተረፈችው ትምህርት ደግሞ ጉድ ነው። ይበልጥ አጠበቀች። ትምህርት ቤት ራሷ ታደርሰኛለች፣ ራሷ ታመጣኛለች፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትቆም ሳያት ብሸሽ ይሻለኛል እላለሁ። የሊሙ ገነትን ነገር ጭራሽ እንዳላነሳ ተነገረኝ። እረፍቱ ሊደርስ ነው፣ ወንድሜ ፌስታሉን እያዘጋጀ ነው፣ እኔ የአቮካዶ ዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። በሽታዬን እንደዚያ ጊዜ ጠልቼው አላውቅም። መርፌው አይደለም ያስጠላኝ። እድሜዬን በሙሉ ከእናቴ ቦርሳ አንድ ክንድ ሳልርቅ የምኖር መሰለኝ።

የክትትላችን ቀን ሲደርስ ያ ሐኪም እንደገና ሰበሰበን። አሁን ግን ብልጥ ሆኗል፤ እናቶቹን ወደ ውስጥ አስገባቸው። እናቶች ናቸውና በሩ ላይ ተደርድረው አንገታቸውን አሰገጉ። ሐኪሙ በመጀመሪያ ከእኛ፣ ከሆስፒታሉ፣ ምን ትፈልጋላችሁ ብሎ አንድ በአንድ ጠየቀን። አንዲት ትንሽ ልጅ መርፌው ቅዳሜና እሑድ እንዲያርፍ ጠየቀች። ባለፈው እግሬን የረገጠኝ የአጋሮ ልጅ ደግሞ፣ ሲመጣ ሐኪሞቹ አባቱን ብቻ እንደሚያናግሩት፣ እሱንም ቢያናግሩት ደስ እንደሚለው ተናገረ። ይህን ሲል አንገቱን ደፍቶ ነው። በጣም ገረመኝ። እኔ ብቻ የምቃጠልበት ነገር ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ደረጃችሁ ላይ ቁሙ ተባልን። ጥቂቶቹ እንደ ልማዳቸው እየሮጡ ላይ ወጡ። የአጋሮው ልጅ መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ። እኔ የታችኛውን ልረግጥ አስቤ ፈራሁ፤ ተኝቼ የታከምኩ ጊዜ ከጎኔ የነበረች ልጅ አልጋዋ ባዶ የሆነበትን ቀን አስታወስኩና እሱን ለእሷ ተውኩት። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ላይ ቆምኩ። የቆምኩበት ውሸት አልነበረም።

እናቴ በሩን ገፍታ ወጣች። ሐኪሙ ሊመልሳት እጁን ዘረጋ፣ አላየችውም። ፊቷ ቀልቷል፤ ሰው ሁሉ እያያት ነው።

«ምን ጎደለሽ?» አለችኝ። «ንገሪኝ እስቲ፣ ምን አጎደልኩብሽ?»

ምንም አልጎደለብኝም ልላት ነበር። አፌ የለመደው እሱን ነው። የቆምኩበት ደረጃ ግን እንደዚያ አያስብልም። «ከረሜላው አንቺ ቦርሳ ውስጥ ነው» አልኳት። «የሚያመኝ እኔን ነው።»

ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ቦታው እንኳን ለዱላ ለቁጣም አይመችም እንጂ። ሐኪሙ ምንም ሳይናገር ከጎናችን ቆመ፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ምክር ይጀምር ነበር። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ ቆየችና፣ ነይ እንሂድ አለችኝ። ልቧን እንደሰበርኩት ገብቶኛል፤ አዘንኩላት፣ በአፌ የወጣው ግን አልቆጨኝም።

ቤት ስንደርስ ማሰሮውን ከአልጋ ሥር አወጣች፣ መድኃኒቱን ከአሸዋው ፈልጋ ጠረገችው፣ መርፌውን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። እሷ ከፊቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ፈራሁ። የሰው ጭን እንደ ብርቱካን አይደለም። መጀመሪያ መድኃኒቱን አንጠባጠብኩት፣ እንደገና ስቀዳ አየር ገባብኝ፣ እናቴ ልትቀማኝ እጇን ሰነዘረችና መልሳ ጭኗ ሥር ደበቀችው። ወጋሁት። ከእሷ አወጋግ ይልቅ በጣም አመመኝ፤ ግን አይ ደስታ! አባቴ ከሥራ ሲገባ ሮጬ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ መርፌው የእኔ ሆነ፤ እናቴም መውጋቱን ትታ ማየቱን ለመደችው። እረፍቱ ሲገባ አባቴ አንዲት ትንሽ ፔርሙስ ገዝቶ መጣ፤ መድኃኒቱ በቀዝቃዛ ውሃ ተከቦ ሊሙ ገነት ድረስ እንዲሄድበት። ትሂድ ወይስ አትሂድ የሚል ንግግር ቤታችን ውስጥ አልሰማሁም። ፔርሙሷን ሳይ ነው ያወቅኩት።

መነሻችን ጠዋት ነበር። መናኸሪያው በሰውና በዶሮ ተሞልቷል፣ ረዳቶቹ አጋሮ፣ ሊሙ እያሉ ይጮኻሉ። ወንድሜ ጓደኛ አግኝቶ ከኋላ ወንበር ሄዶ ተቀመጠ፤ እሱ ደግሞ ከእህቱ ጋር መታየት የሚያሳፍረው ዕድሜ ላይ ነበር። እናቴ እስከ አውቶቡሱ በር ድረስ ተከተለችኝ። ከረሜላውን ጠዋት ራሷ ከመሀረቡ ፈትታ ኪሴ ውስጥ ጨምራዋለች። ረዳቱ መንገድ ልቀቁ ሲል ክንዱን ያዘችው። ምን ልትለው እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ሕይወቴን በሙሉ ከፊቴ እየቀደመ ሲገባ የሰማሁት ነገር ነው። አፏን ከፈተች፣ አየችኝ፣ ዘጋችው። ረዳቱ ምን ፈለጉ እናት ቢላት፣ ምንም፣ በደህና አድርሷቸው ብላ ለቀቀችው።

አንዲት ቀይ ሻሽ ያሰሩ ትልቅ ሴትዮ አጠገብ ተቀመጥኩ። ወደ ሊሙ የሚመለሱ፣ ዘንቢላቸውን በጉልበታቸው መሀል የያዙ። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ እናቴን አየኋት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እየጸለየች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁትም። እኔም እንባዬ መጣ፤ እንዲያውም ወርጄ ልመለስ ዳድቶኝ ነበር። ከከተማው እንደወጣን ጉሮሮዬን ጠረግሁና ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። በኦሮምኛ ነው የነገርኳቸው። ስኳር አለብኝ፣ መንገድ ላይ ብንቀጠቀጥ ወይም ቢያልበኝ ኪሴ ውስጥ ከረሜላ አለ፣ እሱን አጉርሱኝ አልኳቸው። ስኳር እንዳለብኝ በራሴ አፍ ለሰው ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ምስኪን ይሉኛል፣ ከንፈር ይመጡልኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው፣ ቶሌ፣ እሺ ልጄ አሉና የትኛው ኪስ እንደሆነ ጠየቁኝ። አሳየኋቸው።